የተሰማ አይደገምም

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ደብዳቤ እንኳ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። አሁንም የምጽፈው ከመናገር ስለሚቀለኝ እንጂ ስለምችልበት አይደለም። የእትዬ ዘነበች አርባ ሲቃረብ ከሥራ ቦታዋ አንድ ሰው ተነሥቶ ስለ እሷ ጥቂት ይናገር ተባለ። አሠሪያችን ጋሽ ሳምሶን «ከብዙነሽ የበለጠ አብሯት የዋለ የለም» ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ጽፌ አመጣለሁ፤ ሌላ ሰው ያንብበው» ያልኩት ከዚያ ሁሉ ዓይን ለማምለጥ ነበር።

መሞቷን የሰማሁት ቢሮውን ስጠርግ ነው። ጋሽ ሳምሶን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሌላ ቀን ገና ከውጭ ጀምሮ «ብዙዬ፣ እንዴት አደርሽ፣ ሻይ አለ?» እያለ ነው የሚገባው። ያን ቀን «መጥረጊያውን አስቀምጪውና ተቀመጪ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። የእሷ ሄድፎን ሆስፒታል ከገባች ጀምሮ ሚስማሩ ላይ እንደ ተሰቀለ ነው። የቀኙ ስፖንጅ የጆሮዋን ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል።

ለማያውቃት ሰው ከሥራችን ልጀምር። ከንፋስ ስልክ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛና የጽሕፈት ሥራ ቤት አለ። ጋሽ ሳምሶን የእናቱን ግቢ አጥር አፍርሶ የሠራው ነው። እኔ እጠርጋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ እላላካለሁ። ኢንተርኔት የሚባለው ነገር አገራችን በገባ ሰሞን ጋሽ ሳምሶን ከኋላ ያለችውን ጠባብ ክፍል አስጠርጎ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሞደምና አንድ ማይክሮፎን አስገባና «ከዚህ ሆኖ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር መነጋገር ይቻላል» ብሎ አስወራ። እውነትም ይቻላል። ከዚህ በኮምፒውተሩ ይደወላል፣ ማዶ ያለው ሰው ቤት ተራ ስልክ ይጮኻል። ችግሩ ድምፁ ነበር። አንዱ ይቆራረጣል፣ አንዱ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚናገር ይሆናል፣ አንዱ የገዛ ቃሉ ተመልሶ ጆሮው ላይ ይጮኽበታል። ሰዉ እየተናደደ ይወጣ ጀመር።

እትዬ ዘነበች የመጣችው ያኔ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ላፍቶ ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። ማንም አልጠራትም። አንድ ማመልከቻ ልታስጽፍ መጥታ ተራ ስትጠብቅ፣ ከጠባቧ ክፍል አንድ ሰውዬ «ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል?» እያለ ሲጮኽ ሰማች። ብድግ ብላ በሩን ከፈተችና «ወንድሜ፣ የማይሰሙት እርስዎ ነዎት ወይስ እሱ ነው?» አለችው።

ሰውዬው አፍጥጦ አያት። «እኔ እንጃ» አላት።

«እንግዲያው ማን ላይ ነው የሚጮኹት? መጀመሪያ እሱን እንወቅ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማመልከቻው የተጻፈላት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ እሷም ረስታው ነበር።

አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ስትሄድ ተረከዟን የምታስጮኽ ሴት ናት። ጉትቻ የምታደርገው በግራ ጆሮዋ ብቻ ነው። መጀመሪያ አንዱ ጠፍቶባት መስሎኝ ስጠርግ ወለሉን እያየሁ እፈልግላት ነበር። ስትይዘኝ ሳቀች። «የቀኙ ጆሮ ሥራ ላይ ነው፤ አይሽሞነሞንም» አለችኝ። ኦፕሬተር በነበረችበት ጊዜ ሄድፎኑ ጉትቻውን እየተጫነ ሲያማት አውልቃው፣ በዚያው ቀርቷል። እኔ እንደ አስተዳደጌ «አንቱ» ስላት ደግሞ ተቆጣች። «አንቺ በይኝ። አንቱታ ረጅም ነው፤ መስመር ይይዛል።»

አንድ ሰው «መስመሩ አስቸገረኝ» ሲላት ቃሉን አትቀበለውም። «ሐኪም ቤት ሄደህ ‹አመመኝ› ብቻ ብትል ማን ያክምሃል? የቱ ጋ ነው?» ትላለች። ከዚያ በጣቷ መጀመሪያ ከንፈሯን፣ ቀጥሎ ጆሮዋን፣ ቀጥሎ መስኮቱን እየነካች «አፍ ነው? ጆሮ ነው? መንገድ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። አፍ የምትለው የሚናገረውን ሰውና ማይክሮፎኑን ነው። ጆሮ የሚሰማው ሰውና የሚሰማበት ዕቃ ነው። መንገድ ደግሞ በመካከል ያለው ሁሉ፣ ሽቦውም ኢንተርኔቱም። ሁለት ነገር አንድ ላይ መንካት ክልክል ነው። «የቱ እንዳዳነው አታውቂም» ትላለች።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አፍ ላይ ይገኛል። ሴቶቹ ሲያፍሩ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይስባሉ፤ ማይክሮፎኑ ነጠላውን እንጂ ሴትዮዋን አይሰማም። ወንዶቹ ውጭ አገር ሩቅ ነው ብለው ማይክሮፎኑን ከንፈራቸው ላይ ለጥፈው ይጮኻሉ። «ወንድሜ፣ ሩቅ ያለው ልጅዎ ነው፤ ማይክሮፎኑ እዚሁ ነው» ትላቸዋለች። ስፒከሩን አስጩኸው ሲያዳምጡ የማዶው ድምፅ ዞሮ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባና ማዶ ያለው ሰው ራሱን ይሰማል፤ ያን ጊዜ ስፒከሩን ዘግታ ሄድፎን ትደፋባቸዋለች። መንገድ ላይ ሲሆን ግን ዓይኗን ጨፍና ቀኝ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፍና ትቀመጣለች። «ተጨናንቋል። ቢሮዎቹ ሲወጡ ይለቀናል» ትላለች፤ ብዙ ጊዜም ይለቀናል።

ከሁሉ የሚያናድዳት ይሉኝታ ነበር። «ይሰማዎታል?» ስትል ሰው ሁሉ «በደንብ ነው እንጂ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላታል። ምንም አልሰማም፤ የደከመችለትን ሴት ላለማሳዘን ነው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሄድፎኑን አድርገው ራሳቸውን በደስታ ሲነቀንቁ ያዘቻቸው።

«አባባ፣ ልጅዎ ምን አለዎት?»

«ደህና ነኝ አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ... ያው ደህና ነኝ ነው የሚለው።»

«ማዶ ስልኩ ገና አልተነሣም እኮ፣ አባባ። እየጠራ ነው።»

ሽማግሌው እስኪያለቅሱ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ካልሰሙ ‹አልሰማሁም› ይበሉ። ይሉኝታ ከተበጠሰ ሽቦ ይብሳል» አለቻቸው። ሌላው ሕጓ የዚህ ተቃራኒ ነበር። አንዴ «ሰማሁ» ከተባለ በኋላ ያንኑ ነገር መላልሶ መናገር አይፈቀድም። «የተሰማ አይደገምም። መንገዱን ሌላ ሰው ይፈልገዋል» ትላለች። ይህን ሕግ ከስልክ ውጭም ትጠቀምበታለች። «እትዬ፣ ሻይ ላምጣ?» ብዬ ሁለተኛ ከጠየቅኋት ጣቷን ታነሣብኛለች።

ለሙከራ የምትፈልገው የእኔን ድምፅ ነበር። ጋሽ ሳምሶን ሁለት ኮምፒውተሮች አገናኝቶልን፣ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ እኔ ከፊት ክፍል እናገራለሁ፣ እሷ ከኋላ ታዳምጣለች። መጀመሪያ ስትጠራኝ ከበሩ ጀርባ ተሸሸግኩ።

«እኔ? ለምን እኔ?»

«በዚህ ሰፈር ከአንቺ ያነሰ ድምፅ የለም። ያንቺ ካለፈ የማንም ያልፋል።»

እውነቷን ነው። ያ ኮምፒውተር ዝቅ ያለ ድምፅ ድምፅ አይመስለውም፤ ጸጥታ ነው ብሎ ይጥለዋል። የእኔን ስንት ቀን ጥሎብናል። «ምን ልበል?» ስላት «በመስኮት የምታዪውን» አለችኝ። እናም አየዋለሁ፣ እነግራታለሁ። ጭድ የጫኑ አህዮች ከላፍቶ እየመጡ ነው። አንዲት ሴትዮ ጭቃው ጋ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። ውይይት ታክሲ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ረዳቱ እየገፋ ነው።

«አልሰማሁሽም! ድገሚው!» ትላለች ከኋላ።

«ረዳቱ እየገፋ ነው።»

«ሰማሁ፤ ቀጥዪ። ረዳቱ መልከ መልካም ነው?»

«እትዬ!»

«መስመሩን እየሞከርኩ ነው፤ መልሺልኝ እንጂ።»

በቤታችን ዝም በይ ያለኝ ብዙ ነው። ድገሚው ያለኝ ሰው ከእሷ በፊት አላስታውስም።

አንድ ሰሞን ደግሞ የሁሉም ሰው ድምፅ ዘይት ላይ እንደ ተጣለ ሽንኩርት ይንጫጫ ጀመር። ጋሽ ሳምሶን ሞደሙን ቀየረ፣ ያው ነው። ማይክሮፎኑን ቀየረ፣ ያው ነው። እትዬ ዘነበች ቆይታ «መንገድ ነው። ግን የእኛው መንገድ ነው» አለችና የስልኩን ሽቦ በጣቷ እየዳበሰች ግድግዳ ለግድግዳ ሄደች። እኔም ወንበር ተሸክሜ ተከተልኳት። ሽቦው ግቢውን አቋርጦ የጋሽ ሳምሶን እናት፣ እማማ ጥሩወርቅ ቤት ገባ። እሳቸው ቤት ያለው ስልክ ከእኛው መስመር የተቀጠለ ነው። እትዬ ዘነበች እጀታውን አንሥታ ወደ ታች ስትደፋው ውኃ ጠብ አለ።

«እማማ፣ ይህ ስልክ በምን ረጠበ?»

እማማ ጥሩወርቅ መጀመሪያ ወደ ጣሪያው አዩ። «ጩኸቱን ብትሰሚው አንቺም ትረጪው ነበር» አሉ።

«ምን ረጭተውበት ነው?»

«ጠበል ነዋ! ጠዋት ጠዋት። ልደውል ሳነሣው አንድ ነገር ጆሮዬ ላይ ሲያፏጭ፣ ሲያጓራ... በልጄ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲጮኽ ዝም ልበል?»

የሰሙት ሞደሙ ሲገናኝ የሚያሰማውን ድምፅ ነው። ጋሽ ሳምሶን ከኋላችን ደርሶ አፉን ሲከፍት እትዬ ዘነበች በእጇ ዝም አሰኘችው። ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች «ደግ አድርገዋል፣ እማማ። ግን ተጠምቋል፤ ሁለተኛ ክርስትና አይነሣም» አለቻቸው። ስልኩን ፈታትታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ከዚያ እማማ ጥሩወርቅን ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጠባቧ ክፍል አመጣቻቸውና ሞደሙ ሲደውል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰማቻቸው።

«ይኸው። ሁለት ማሽኖች ሰላምታ ሲለዋወጡ ነው።»

«እንዲህ እየተንጫጩ?»

«እኛስ ስንገናኝ?» አለቻቸው።

እማማ ጥሩወርቅ ከዚያ ወዲያ ስልክ ሊያነሡ ሲሉ በመጀመሪያ በመስኮት ብቅ ብለው «ሰላምታ ላይ ናቸው?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር።

የድሮ ወሬዋንም እወድ ነበር። ሰፈራችን ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ወሬ ከሚያስተላልፍ ጣቢያ እንደሆነ የነገረችኝ እሷ ናት። «እኛ አዲስ ነገር አላመጣንም፤ የሰፈሩ ሥራ ነው» ትል ነበር። ከሁሉ በአእምሮዬ የቀረው ግን ስለ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የነገረችኝ ነው። ሰውዬው ሩቅ አገር ሆኖ ሚስቱ ትወልዳለች። መስመሩ ተበላሽቶ ከአማቱ ንግግር አንድም ቃል አልደርስ አለው። አማትየው ተስፋ ቆርጠው እልል አሉ። ያቺ እልልታ ደረሰች፤ ለወንድና ለሴት ልጅ የሚባለው እልልታ ቁጥሩ ይለያያልና ሴት መወለዷን አባትየው ዐወቀ። «ቃል ይሰበራል። እልልታ ግን በተሰበረ መስመርም ይሄዳል» ትለኝ ነበር። ያኔ እንደ ጨዋታ ነው የሰማሁት።

አሁን ስለ ወይዘሮ ብርቄ ልጻፍ፤ እትዬ ዘነበችን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ እሁድ ነውና።

ወይዘሮ ብርቄ ሀና ማርያም አካባቢ ላም እያረቡ ወተት የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ሰናይት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ቤይሩት ሰው ቤት ልትሠራ ሄዳለች። እሁድ ጠዋት ማዳሟና ባሏ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሰናይት ብቻዋን ትሆናለች። የሚደወልላት ያን ጊዜ ነው። ወይዘሮ ብርቄም ከቅዳሴ ቀጥታ ወደ እኛ ይመጣሉ።

ስልኩ እንደ ተነሣ ይጀምራሉ። «እንዴት ነሽ ልጄ! ደህና ነሽ ወይ! ጤናሽ እንዴት ነው! እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን! ላሚቱ ወለደች! አንቺ ግን እንዴት ነሽ!» ከማዶ የሚመጣው ስብርባሪ ነው። «እማ... ብዬ... ን... ል...» ከዚያ ጸጥ። እንዲህ እንዳለ ማዳሟ ትመለሳለች፣ ስልኩ ይዘጋል። ወይዘሮ ብርቄ ወጥተው ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ።

«ተቀይማኛለች» አሉኝ አንድ ቀን ሻይ ስሰጣቸው። «ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ አልፈለገችም ነበር። አሁን ልታናግረኝ አትፈልግም።»

እትዬ ዘነበች ይህን ከሰማች ወዲህ ዕረፍት አጣች። «መንገድ ነው» ትላለች። ሰዓቱን ቀየረች፣ ተማሪዎቹን ከኮምፒውተር አስነሣች፣ የእማማ ጥሩወርቅን ስልክ አስነቀለች። ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ ያገኘው ጋሽ ሳምሶን ነው። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲመረምር ቆየና ጠራት።

«እትዬ ዘነበች፣ መንገድ አይደለም። ይህ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የድምፅ ካርድ ወይ ይናገራል ወይ ይሰማል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም። ከዚህ ሰው እየተናገረ ከሆነ የማዶውን ይዘጋዋል።»

ግንባሯን መታች። «አፍ ነው! ይህን ሁሉ እሁድ መንገዱን ስሰድብ!» ሞደሙን እንደ ሕፃን መታ መታ አድርጋ «ይቅር በለኝ» አለችው።

ነገሩ ይኸው ነበር። ወይዘሮ ብርቄ ሰላምታ እስካላቆሙ ድረስ የሰናይት ድምፅ ሊሰማ አይችልም። ይህን ለእሳቸው መንገር ግን ቀላል አልነበረም።

«ብርቄ፣ አንዴ ሰላም በያትና ዝም በይ።»

«ልጄ ‹እንዴት ነሽ› እያለችኝ ዝም? ምን ዓይነት እናት ነኝ?»

«እንድትሰሚያት ነው።»

«ዝም ካልኩ ያኮረፍኳት ይመስላታል፣ ዘነበች።»

እሳቸውም አልተሳሳቱም። እኛ ስንገናኝ ሁለታችንም እኩል ነው የምንጠያየቀው፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ቆሞ የሚጠብቅ ያኮረፈ ሰው ነው። እትዬ ዘነበች ጥቂት አሰበችና እጇን ዘረጋችላቸው።

«እጅሽን ስጪኝ። ስጨብጥሽ ተናገሪ። ስለቅሽ ዝም በይ። ዝም ያልሽው አንቺ አይደለሽም፤ እኔ ነኝ ያሰኘሁሽ። ኃጢአቱ የእኔ ነው።»

በዚያ እሁድ እንደዚያ አደረጉ። ሌላ ጊዜ ሰው ሲነጋገር እትዬ ዘነበች ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። «ኦፕሬተር አፍ የለውም፤ የሰማውንም አይዝም» የምትለው ሌላው ሕጓ ነው። ያን ቀን ግን መቼ እንደምትጨብጥ ለማወቅ መስማት ነበረባት። ስፒከሩን ቀንሳ ከማይክሮፎኑ አራቀችና በመካከላቸው ጋቢ አጥፋ አቆመች። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ እንደ ቆምኩ ቀረሁ።

ወይዘሮ ብርቄ ሰላም አሉ። እጃቸው ተለቀቀ። ከንፈራቸውን ነክሰው ዝም አሉ፤ ዝምታው እንደሚያማቸው ያስታውቅ ነበር። ያን ጊዜ ሰናይት ሳትሰበር መጣች። ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ።

«እማዬ? ዛሬ ትሰሚኛለሽ? ልነግርሽ ስል ሁልጊዜ ይቆራረጣል። ኮንትራቴ አልቋል። ድጋሚ ፈርሚ ይሉኛል። ደክሞኛል እማዬ፣ አልቻልኩም። ግን ምንም አልያዝኩም። ቤት አሠራልሻለሁ ብዬሽ ነበር፤ አልሆነም። መልሴን ዛሬ ይፈልጋሉ። ባዶ እጄን ብመጣ... ታስገቢኛለሽ?»

እትዬ ዘነበች እጃቸውን ጨበጠች። ወይዘሮ ብርቄ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። እንባቸው ብቻ ይወርዳል፣ ጉሮሯቸው ውስጥ አንድ ትንሽ ድምፅ አለች። እኔ ያቺን ድምፅ ዐውቃታለሁ። ኮምፒውተሩ ጸጥታ ነው ብሎ የሚጥላት ዓይነት ናት።

«እማዬ?»

እትዬ ዘነበች ደግማ ጨበጠች። ምንም የለም።

«ዝም አልሽ» አለች ሰናይት። «እሺ... ገባኝ እማዬ። ግድ የለም። እፈርማለሁ» አለች።

እኔ እትዬ ዘነበችን አየኋት። ማይክሮፎኑ ፊቷ ነው፤ «እናትሽ እያለቀሰች ነው፤ ነይ» ብትል ያልቅ ነበር። በኋላ ለምን እንዳላለች ስጠይቃት «የእናትን እሺታ እኔ ከየት አመጣዋለሁ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ያደረገችው ሌላ ነው። የወይዘሮ ብርቄን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችና ጮኸችባቸው።

«ብርቄ! መናገር ካቃተሽ እልል በይ!»

እልል አሉ። እንባቸው እየወረደ፣ ዓይናቸው ተጨፍኖ፣ እልልልልልል! ጠባቧ ክፍል ሞላች። በፊት ክፍል የሚጽፉት ተማሪዎች እጃቸው ቆመ። እማማ ጥሩወርቅ ደግሞ ከጓሮ ምን እንደሆነ ሳያውቁ «እልልልል! ምን ተገኘ?» ብለው ተቀበሉ። ከዚያ ጸጥ አለ። እትዬ ዘነበች እጃቸውን ለቀቀች። ድምፅ ማዶ እስኪደርስ ሁልጊዜ ጥቂት ይቆያል፤ ያኔ የቆየውን ያህል ቆይቶ አያውቅም።

«ሰማሁ!» አለች ሰናይት። ትስቅ ታለቅስ አልለየሁም። «እማዬ፣ ሰማሁ! አልፈርምም! እመጣለሁ!»

የወይዘሮ ብርቄ አንደበት ያን ጊዜ ተፈታ። «ነይ ልጄ! ነይ! ነይ እንጂ! ነይ!» ማቆም አቃታቸው። እትዬ ዘነበች እጃቸውን እያሻሸች «ሰምታለች፣ ብርቄ። የተሰማ አይደገምም» አለቻቸው። ሻዩ እጄ ላይ ቀዝቅዞ ነበር። እሷው ተቀብላኝ በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው።

ሰናይት ወዲያው አልመጣችም። ወረቀቷ ብዙ ጊዜ ፈጀ። እትዬ ዘነበች እሁድ በመጣ ቁጥር «የብርቄ ልጅ መጣች?» ትላለች። በመካከሉ እግሯ ያብጥ ጀመር። ደም ግፊት ነው ተባለ፣ ኩላሊት ነው ተባለ። ሆስፒታል ስትተኛ እየሄድኩ በመስኮት ያየሁትን እነግራት ነበር፤ ጋሽ ሳምሶን አዲስ ካርድ እንዳስገባ፣ ውይይት ታክሲዎቹ ዛሬም ጭቃ ውስጥ እንደሚገቡ። መድኃኒቱ ነው መሰለኝ ጆሮዋ ደክሟል። አንድ ቀን ስገባ በሁለቱም ጆሮዋ ጉትቻ አድርጋለች። ስገረም ያየችኝ ጊዜ ቀኙን በጣቷ ነካ አድርጋ «ጡረታ ወጣ፤ ትንሽ ይሽሞንሞን» አለችኝ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት ወይዘሮ ብርቄ ቢሯችን መጡ። ከኋላቸው አንዲት የከሳች ልጅ አንድ ፌስታል ይዛ ቆማለች። ማንነቷን ማንም አልነገረኝም፤ «ብዙነሽ አንቺ ነሽ?» ስትለኝ በድምፅዋ ዐወቅኋት። ወይዘሮ ብርቄ «ዘነበች ጋ ነገ ይዣት እሄዳለሁ። አንቺ ቀድመሽ አብስሪያት» አሉኝ። ጋሽ ሳምሶንን እንኳ ሳላስፈቅድ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት መጥረጊያ ይዤ እሱን በሩ ላይ እንደማየው አላወቅሁም።

ክፍሉ በሴቶች የተሞላ ነው። ጠያቂዎች ፔርሙስና ሳህን ይዘው አልጋዎቹ ላይ ተቀምጠዋል። ወደ እትዬ ዘነበች ጎንበስ ብዬ «ሰናይት መጣች» አልኳት።

«አልሰማሁሽም» አለች።

«ሰናይት መጣች።»

«ብዙዬ፣ አፍ ነው። ነጠላሽን ከአፍሽ ላይ አንሺ።»

ለካ ስቤው ኖሯል። አወረድኩት። ቀና ብዬ ቆምኩና በሕይወቴ ጮኼ የማላውቀውን ያህል ጮኽኩ።

«ሰናይት መጣች!»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጥግ አልጋ ላይ ያሉ አንዲት አሮጊት፣ ሰናይት ማን እንደሆነች ሳያውቁ፣ ተኝተው እልል አሉ። ከዚያ ቀጣይዋ፣ ከዚያ ጠያቂዎቹ። ነርሷ ምን ሆናችሁ እያለች ሮጣ ገባች። እትዬ ዘነበች እስክታስላት ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቀኝ ጆሮዋን እንደ ድሮው በመዳፏ ሸፈነች።

«ሰማሽ፣ እትዬ?» አልኳት።

«ሰማሁ» አለች። «ግን እስቲ ድገሚልኝ።»